የቤት እባብን ወደ ሰፊ ሳጥን ማዛወር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ

እባብ ማሳደግ በእኛ አገር የተለመደ ነገር አይደለም። በለገጣፎም ሆነ በሱሉልታ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል፤ እባብ አለኝ የሚል ሰው ግን ጎረቤቱን ያስበረግጋል። ቢሆንም የሚያሳድጉ አይጠፉም።

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ይዞ ለመገኘት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሜዳ ያገኙትን እባብ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መግባት አይቻልም ማለት ነው። የዘንዶ ዝርያዎች ደግሞ ድንበር ሲሻገሩ ሳይተስ (CITES) በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል የሆነችው በ1981 ዓ.ም. ነው።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት መካከል የሰሜን አሜሪካው የበቆሎ እባብና ቦል ፓይተን የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ይገኛሉ። አይጥ በሊታው የአፍሪካ ቤት እባብም አለ። ሦስቱም መርዝ የላቸውም።

የበቆሎ እባብ ከእንቁላል ሲወጣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲያድግ ከ1 ሜትር ያልፋል። መጀመሪያ የምትበቃው ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ስለዚህ ብዙ አትቆይም። የቆየው ልማድ የሳጥኑ ርዝመትና ወርድ ተደምሮ የእባቡን ቁመት ያክል ይላል። አሁን አሁን ግን እባቡ እንደ ልቡ እንዲዘረጋ ርዝመቱ ብቻውን ቁመቱን ሊያክል ይገባል የሚሉ በርክተዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ግን አለ፦ ትንሽ እባብ ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ ሲጣል ይፈራል፤ መብላትም ሊያቆም ይችላል። መፍትሔው ቦታውን መሙላት ነው። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም በኩል መደበቂያ፣ በመሀል ቅርንጫፍና ቅጠል ይግባበት።

ዋናው ራስ ምታት መዝጊያው ነው። እባብ ጭንቅላቱ በገባበት ሁሉ ቀሪው አካሉ ይከተላል። አዲስ ቤት ሲገባ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጥግ ለጥግ እየዞረ በአፍንጫው ይገፋል። የላላ ክዳን ካለ ያገኘዋል። እዚህ ሳጥኑን የሚሠራልን አናጺ ወይም አሉሚኒየም ቤት ነው። ተንሸራታች መስታወት እንደ ብፌ አድርግልኝ ሲባል ወዲያው ይገባዋል። የብፌ ሁለቱ መስታወቶች ግን ሲደራረቡ በመሀላቸው ክፍተት ይተዋሉ። ለሲኒ ምንም አይደለም፤ እንደ እስክሪብቶ ለቀጠነ እባብ ግን የተከፈተ በር ነው። ክፍተቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ጸጉራም የበር ማሸጊያ ይለጠፍበት። መስታወቱ ላይ ቁልፍ ይግባ፤ በተለይ ልጆች ካሉ። ለአየር መግቢያ የሚሆነው ወንፊት ቀዳዳው ከእባቡ ጭንቅላት በደንብ ያነሰ ይሁን፤ ጠርዙም በብሎንና በእንጨት ይታሰር። በሙጫ ብቻ የተያዘ ወንፊት አይታመንም። ብዙ ሰው የሚረሳው የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ማታ መብራት አጥፍቶ ባትሪ አብርቶ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ብርሃን የሚያፈስ ቦታ ሁሉ እንደገና ይታያል። መብራት በጠፋበት ምሽት ማድረግ ደግሞ የበለጠ ይመቻል፤ ያን ዓይነት ምሽት መቼም አናጣም። የሲሊከኑና የቫርኒሹ ሽታ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ግን እባቡ አይግባ።

ለምንጣፍ ሰጋቱራ ርካሽ ነው። የጥድ ሰጋቱራ ግን ሽታው የእባብን መተንፈሻ ይጎዳል፤ ጋዜጣ ይሻላል።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ ዙሪያ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሱሉልታ ብርዱ ይጠናል፤ ገላን ትንሽ ይሻላል። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። የበቆሎ እባብ በአንድ በኩል 30 ዲግሪ አካባቢ፣ በሌላው በኩል 23 ገደማ ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ምንጣፍ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ከተሰካ ሆዱን ሊያቃጥል ይችላል። ሰፊ ሳጥን ደግሞ ከትንሿ ይልቅ ለማሞቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ እባቡ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን አብርቶ ጠዋትና ማታ መለካት ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ሳጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት ይረዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አለመመገብ ይመረጣል፤ በብርድ የበላው አይፈጭም፣ ይተፋዋል።

የዝውውሩ ቀን ራሱ አጭር ነው። ከበላ ቢያንስ ሁለት ቀን ይለፈው። የድሮው መደበቂያና ጥቂት የድሮ ምንጣፍ አብረው ይግቡ፤ እባብ በምላሱ አሽትቶ ነውና ቦታ የሚለየው የራሱ ጠረን ያረጋጋዋል። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አይነካም፤ ምግብም ከዚያ በኋላ ይሰጠዋል። ቤት ውስጥ የተያዘ አይጥ አይሰጥ፤ የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። እጅን በሳሙና መታጠብም አይረሳ፤ እባቦች ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ።

አንድ ቀን ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ቢገኝ በሩ ተዘግቶ በር ሥር ጨርቅ ይወተፍ። ፍለጋው ሙቀት ካለበት ይጀመራል፦ ፍሪጅ ጀርባ፣ ዲኮደር ሥር፣ ምጣድ አጠገብ፣ ጫማ ውስጥ። ማታ ግድግዳ ሥርና በር ላይ ዱቄት በስሱ ይነስነስ፤ ጠዋት ዱካው የሄደበትን ያሳያል። ግቢ ከወጣ የድንጋይ ካቡ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ያኔ ጎረቤት በዱላ ሳይቀድም መርዝ እንደሌለው ፎቶውን እያሳዩ መንገር ግድ ነው፤ ቢያሳፍርም።