ለውሃ ውስጥ ፎቶ ሁለገብ ሌንስ እንዴት ይመረጣል?

የብስ ላይ ሁለገብ ሌንስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከ24 እስከ 70፣ ወይም ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም። ሰርግ ይሠራበታል፣ መንገድ ላይ ይሠራበታል፣ የሰው ፊትም ይነሳበታል። ይኸው ሌንስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ትልቅ ነገር ሙሉውን ልያዝ ሲል ይጠበዋል፣ ትንሽ ነገር ላንሳ ሲል ደግሞ በቂ አይጠጋም። ስለዚህ ለውሃ ሌንስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ዙሙ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሄድ ሳይሆን፣ ምን ያህል ተጠግቶ ምን ያህል ስፋት እንደሚይዝ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ውሃው ነው። ውሃ ቀለም ይበላል። ቀዩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይደበዝዛል፣ ብርቱካኑ ይከተላል፣ ከዚያ ቢጫው። 20 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ያለ ፍላሽ የሚታየው ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ጀማሪ የማያስተውለው ታዲያ ቀለም የሚበላው ወደ ታች ያለው ጥልቀት ብቻ አለመሆኑን ነው። ወደ ጎን ያለው ርቀትም እኩል ይቆጠራል። የፍላሹ ብርሃን ከካሜራው ተነስቶ ዓሣው ጋ ይደርስና ይመለሳል፤ ዓሣው 2 ሜትር ርቆ ከሆነ ብርሃኑ 4 ሜትር ውሃ አቋርጧል ማለት ነው። በዚያ ላይ በመሃል የሚንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ሁሉ በፍላሹ ያበራና ፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ይህን ኮምፒውተር ላይ አጸዳለሁ ማለት ራስን ማድከም ነው። መፍትሔው በካሜራውና በሚነሳው ነገር መካከል ያለውን ውሃ መቀነስ ብቻ ነው። ተጠግቶ ትልቅ ነገር ለመያዝ ደግሞ በጣም ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ መስታወቱ ነው። ካሜራው ሃውዚንግ በሚባለው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌንሱ ወደ ውጭ የሚያየው ፖርት በሚባለው የሣጥኑ መስኮት በኩል ነው። ፖርቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ይሰበራል፤ ሁሉም ነገር ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ 37 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያህል ይጠባል። ለማክሮ ፎቶ ይህ ጥቅም ነው፣ ትንሹን ነገር ያጎላልና። ለሰፊ ምስል ግን ኪሳራ ነው፤ ስፋቱ ከመቀነሱም በላይ ምስሉ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል፣ ቀለሞቹም ይላቀቃሉ።

ስለዚህ ለሰፊ ሌንስ ጉልላት ቅርጽ ያለው ዶም ፖርት ይገጠማል። ዶሙ የሌንሱን ስፋት ይመልስለታል። የራሱ ዕዳ ግን አለው፤ ሌንስ ስትመርጡ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣውም ይህ ዕዳ ነው። ዶም ውጭ ያለውን ሁሉ ለሌንሱ ጠጋ አድርጎ ነው የሚያሳየው። እጅግ ሩቅ ያለው ነገር እንኳ ከመስታወቱ ፊት የዶሙን ሬዲየስ 3 እጥፍ ያህል ብቻ ርቆ የተቀመጠ ይመስላል። ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዶም ብትወስዱ፣ ከፊታችሁ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ታጭቆ ነው ሌንሱ የሚያየው። በትንሽ ዶም ደግሞ ከዚህም ይቀርባል። በቅርብ ፎከስ ማድረግ የማይችል ሌንስ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ከዶም ጀርባ ምንም ጥርት ያለ ነገር አያወጣም። ሱቅ ውስጥ ሌንስ ስታዩ ትንሹ የፎከስ ርቀት ስንት እንደሆነ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው የዶም ዕዳ ጥጎቹ ናቸው። በዶም በኩል የሚታየው ምስል ጠፍጣፋ ስላልሆነ መሃሉ ጥርት ሲል ጥጎቹ ይደበዝዛሉ። ይህን ለማሻሻል አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 8፣ ኤፍ 11፣ ትልቅ ሴንሰር ባለው በፉል ፍሬም ካሜራ አንዳንዴም ወደ ኤፍ 13 መዝጋት የተለመደ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ከዚህ የሚገኝ ጥሩ ዜና አለ። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ኤፍ 2.8 ሌንስ ለሰፊ የውሃ ውስጥ ፎቶ ብዙም አይፈይድም፤ ለማንኛውም ልትዘጉት ነውና። ያን ገንዘብ ለፖርቱ ወይም ለፍላሹ ብታውሉት ይሻላል።

አንድ ሌንስ ለሁሉ የሚለው ፍላጎት አዲስ አይደለም። ቤልጂየማዊው ኢንጂነር ዣን ደ ዉተርስ ከፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኢቭ ኩስቶ ጋር ሆኖ የሠራው ካሊፕሶ የተባለ ካሜራ በ1963 በኒኮን እጅ ኒኮኖስ ሆኖ ወጣ፤ ሣጥን የማያስፈልገው፣ ራሱ ውሃ የማያስገባ ካሜራ። ከሌንሶቹ ውስጥ የ35 ሚሊ ሜትሩ ውሃ ውስጥም ከውሃ ውጭም ይሠራ ነበር፤ በጠላቂዎች ዘንድ ስሙ የገነነው ግን 94 ዲግሪ የሚያሳየው 15 ሚሊ ሜትሩ ነው። እሱ የተሠራው በቀጥታ ውሃ እንዲነካ ታስቦ ስለነበር ጥጎቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። በ1992 የወጣው ኒኮኖስ አርኤስ ደግሞ አውቶፎከስ ያለውና ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ዙም የተሠራለት ነበር። የኒኮኖስ ምርት በ2001 ቢቆምም፣ ሌንስን ለአየር ሠርቶ በመስታወት ከማታለል ይልቅ ከጅምሩ ለውሃ መሥራት የሚለው ሐሳብ ዛሬም ከጥሩዎቹ ዕቃዎች ጀርባ ያለው ነው።

አሁን ወዳሉት አማራጮች እንምጣ።

ፊሽአይ፣ ማለትም እጅግ ሰፊ የሚያይና መስመር የሚያጎብጥ ሌንስ፣ በዙም መልኩ ለረጅም ጊዜ የጠላቂዎች ምርጫ ሆኖ ቆይቷል። የቶኪና 10-17 ለአነስተኛ ሴንሰር ካሜራዎች የተሠራ ሲሆን፣ ሰፊው ጫፍ ላይ 180 ዲግሪ ያሳያል፣ ሲጠብ ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ይወርዳል። ከትንሽ ዶም ጋር ሆኖ መስታወቱን ሊነካ የተቃረበ ነገር እንኳ ያነሳል። ለፉል ፍሬም ካኖን 8-15፣ በኋላም ኒኮን በ2017 ያወጣው 8-15 አሉ፤ እነሱ ግን 8 ላይ ክብ ምስል ስለሚያወጡ ብዙ ሰው የሚጠቀመው የ15ቱን ጫፍ ብቻ ነው፣ ዙሙን ሥራ ላይ ለማዋል ቴሌኮንቨርተር (ከሌንሱ ኋላ የሚገጠም ማጉያ) የሚጨምሩም አሉ። ፊሽአይ ቀጥ ያለ መስመር ያጎብጣል። ኮራል ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስለሌለ ማንም አያስተውለውም። የሰመጠ መርከብ ላይ ግን ይታያል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በግብፅ ቀይ ባሕር ያለችው ቲስልጎርም ናት። ጥቅምት 6 ቀን 1941፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰመጠች የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ነች፤ 30 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ውስጥ ለጦሩ የተጫኑት ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪናዎች አሁንም ተደርድረው ይገኛሉ። እዚያ ውስጥ ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም። ሞተሮቹ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ከጀርባ ግድግዳ አለ፣ አንድ ጠላቂ እግሩ ላይ ያለውን መዋኛ ክንፍ ሳት ብሎት ካነቃነቀ ደለሉ ይነሳና ሁሉም ይጨልማል። 24-70 ይዞ የገባ ሰው መሪና ጎማ ለየብቻ አንስቶ ይወጣል። ፊሽአይ የያዘው ሙሉውን ረድፍ ይይዛል፤ የመርከቧ ምሰሶ ትንሽ ይጎብጥበታል፣ ያም ችግር የለውም። መስመሩ ቀጥ እንዲል የግድ የሚፈልግ ሰው 16-35 ዓይነት ዙም ከትልቅ ዶም ጋር ይይዛል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ዶሙ ግዙፍ፣ ሻንጣ ውስጥ አስቸጋሪ፣ ጥጎቹም ደብዘዝ ያሉ ናቸውና ለአንድ ሌንስ ተጓዥ አልመክረውም።

የምመክረው ቀጥሎ ያለውን ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣውን ርካሽ ትንሽ ዙም ወስዶ፣ ጠፍጣፋ ፖርት አድርጎ፣ ከውጭ ዌት ሌንስ መግጠም። ዌት ሌንስ ከሣጥኑ ውጭ፣ ውሃው ውስጥ የሚታሰር ሌንስ ነው። ኖቲካም የሚሠራው ደብልዩ ደብልዩ ኤል 1 ከ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ሲገጥም 130 ዲግሪ ያሳያል፤ ዙሙም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራል፣ ፎከሱ መስታወቱ ድረስ ይጠጋል፣ ጥጎቹም ከዶም በተሻለ ጥርት ይላሉ። ሶኒ በ2020 ያወጣው 28-60 ለዚህ በጣም ተፈላጊ ሆኗል። የብስ ላይ ቁም ነገር ብሎ የሚያየው የሌለ፣ 167 ግራም የምትመዝን ትንሽ ሌንስ ናት፤ ከዌት ሌንሱ ጀርባ ስትሆን ግን እጅግ ውድ ሌንሶችን ታስንቃለች። ማይክሮ ፎር ሰርድስ ለሚባሉት አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎችም የፓናሶኒክና የኦሊምፐስ 14-42 ዙሞች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

አጠቃቀሙ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ እንደገባችሁ በፖርቱና በዌት ሌንሱ መካከል አየር ይቀራል። ሌንሱን ላላ አድርጋችሁ፣ ካሜራውን ወደ ጎን አዘንብላችሁ፣ አረፋው ሾልኮ እስኪወጣ ታወዛውዙታላችሁ፣ ከዚያ ትቆልፉታላችሁ። አንዲት አረፋ ከቀረች ምስሉ ላይኛው ክፍል ላይ ደብዛዛ ክብ ሆና ትቀመጣለች፤ ይህን የምታውቁት ደግሞ ቤት ገብታችሁ ፎቶውን ስትከፍቱ ነው። መሃል ላይ ትንሽ ሸርጣን ብታዩ ዌት ሌንሱን ነቅላችሁ ፍላሹን በያዘው ክንድ ላይ ባለው መያዣ ትሰኩና በምትኩ የማክሮ ዌት ሌንስ ትገጥማላችሁ። ሃውዚንግ ውስጥ ያለ ሌንስ ውሃ ሥር አይቀየርም፤ የዌት ሌንስ ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ ክብደቱና ዋጋው ነው። ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ማንሳፈፊያ ካልታከለለት የእጅ አንጓን ያደክማል፤ አንዳንዱም ከካሜራው በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ባሕር ሌላ ነገር ያስተምራል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አካባቢ፣ በባቡርም የሚደረስባት ጂቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አላት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርኮች ወደ አርታ ዳርቻ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ ጥቂት ሜትር የሚረዝሙ ናቸው። የሚመጡት ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕያዋንን፣ ሊበሉ ነው፤ ፕላንክተን ባለበት ደግሞ ውሃው እንደ በሶ ብጥብጥ ይሆናል። ከ5 ሜትር ርቀት በጠባብ ሌንስ ብታነሱት የሚወጣው ግራጫ ጥላ ነው። በ130 ዲግሪ ወይም በፊሽአይ ግን ሻርኩ ራሱ አጠገባችሁ ሲያልፍ ከአፉ እስከ ጅራቱ፣ ነጠብጣቦቹ እየተቆጠሩ ይወጣል። እዚያ የሚነሳው ላይ ላዩን በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ እየተዋኘ፣ በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ፍላሽ አያስፈልግም። እንስሳውን ማሳደድና መንካት ግን ነውር ነው፤ ሰፊ ሌንስ ያለው ሰው በመንገዱ ዳር ሆኖ ቢጠብቅ ይበቃዋል።

ስለ ማክሮ ባጭሩ። 60 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ለኔሞ ዓይነቷ ክላውንፊሽና ለመካከለኛ ዓሣ ይመቻል፣ ድፍርስ ውሃ ላይም ይሻላል። 100 ወይም 105 የሚሆነው ለሚሸሹና በጣም ለትንንሾቹ ነው። ግን ማክሮ ሌንስ ይዛችሁ ገብታችሁ ዶልፊን ቢመጣ ዓይኑን ብቻ ነው የምታነሱት። ሁለገብ አይደለም፤ ለአንድ ዓላማ የሚገዛ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ የሚከብደው ሰው ትንሿን ቲጂ ካሜራ (ቀድሞ የኦሊምፐስ፣ አሁን የኦኤም ሲስተም) ቢያይ አይከፋም። ያለ ሣጥን 15 ሜትር ትወርዳለች፣ ከሌንሷ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር ታነሳለች። ሰፊ ምስል ላይ ደካማ ናት፤ እሱን ደግሞ ከውጭ በሚገጠም ሌንስ ማሻሻል ይቻላል። እስራኤል ኤላት ወይም የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የምትወርዱ፣ በዚህች ብትጀምሩ ምንም አይጎድልባችሁም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሃውዚንጉ አምራች የሚያወጣውን የፖርት ሠንጠረዥ ክፈቱ። የትኛው ሌንስ በየትኛው ፖርት፣ በስንት ሚሊ ሜትር ማራዘሚያ ቀለበት፣ በየትኛው የዙም ማርሽ እንደሚሠራ እዚያ ላይ በዝርዝር ተጽፏል። ማራዘሚያው በትንሽ እንኳ ከተሳሳተ ዶሙ በትክክል አይሠራም፤ ማርሹ ከሌለ ዙሙን ከውጭ ማዞር አይቻልም። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙም ብትሆኑ ሌንሱን፣ ፖርቱን፣ ቀለበቱንና ማርሹን አንድ ላይ የሚሸጥ ሰው ፈልጉ። ሌንሱ ሠንጠረዡ ላይ ከሌለ ሌላ ሌንስ ምረጡ።