«ኢርማርክ» ምንድን ነው? ጆሮው ላይ ምልክት ያለበት ገንዘብ

የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ወይም የአሜሪካ ፖለቲካ ዜና በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው «ኢርማርክ» ከሚለው ቃል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ትርጉሙን ሲጠይቅ «መመደብ» ወይም «ለይቶ ማስቀመጥ» ይሉታል። ስህተት አይደለም። ግን የቃሉ ዋና ነገር ቀርቷል።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሪፖርት ስተረጉም ይህን ቃል «የተቀመጠ ገንዘብ» ብዬ አለፍኩት። ያነበቡት የኮሚቴ አባላት ቁጠባ መሰላቸው። «ይህን ያህል ተቀማጭ እያለን ጣሪያው ለምን ያፈሳል?» ብለው ተነሱ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር የሚለው። ገንዘቡ ግን ለውኃ ጉድጓድ ብቻ ተብሎ የተሰጠ ነበር። የዚያን ቀን ስብሰባ ይህንኑ በማስረዳት አለቀ።

ቃሉ የመጣው ከበረት ነው። «ኢር» ጆሮ፣ «ማርክ» ምልክት። እንግሊዝ አገር ባለ ከብቶች የበጎቻቸውንና የላሞቻቸውን ጆሮ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቅርጽ ይቆርጡ ነበር። ቃሉ በጽሑፍ ቢያንስ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይገኛል። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰፋሪዎችም ልማዱን ይዘው ሄዱ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ ከብቱ የሚውለው በጋራ ግጦሽ ስለነበር፣ የእያንዳንዱ ሰው የጆሮ ምልክት በከተማው መዝገብ ይጻፍ ነበር። የእኛ አርብቶ አደሮችም የከብት ጆሮ ቆርጦ ባለቤቱን መለየትን ያውቁታል፤ ለእነሱ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቃሉ ወደ ገንዘብ የተሻገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጆሮው የተቆረጠ በግ ከመንጋው አይወጣም። ከሌሎቹ ጋር ይግጣል፣ ከሌሎቹ ጋር ያድራል። የሚለየው ምልክቱ ነው። ኢርማርክ የተደረገ ገንዘብም እንዲሁ ነው። የግድ ሌላ የባንክ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ከሌላው ብር ጋር አንድ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ግን ስም ወጥቶለታል፤ ይህ ለዚህ ነው ተብሏል።

ከእኛ ኑሮ ለዚህ በጣም የሚቀርበው የስለት በግ ነው። ለማርያም የተሳለ በግ ግቢ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይውላል። እንግዳ ሲመጣ ግን ማንም ቢላ አያነሳበትም። «እሱ እኮ የማርያም ነው» ይባላል። የዘር እህልም አለ። ገበሬው ለዘር ያለውን ጤፍ ቤት ውስጥ ራብ ቢገባ እንኳ በቀላሉ አይነካውም። ሁለቱም ቦታቸው ሳይሆን ዓላማቸው ነው የለያቸው።

አሁን ወደ ቃሉ ዘመዶች። «አሎኬት» ሰፊ ነው፤ ያለውን ማከፋፈል፣ መደልደል ነው። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ያን ያህል። «ሪዘርቭ» መጠባበቂያ ነው፤ ለምን እንደሚውል ገና ላይታወቅ ይችላል፤ ክፉ ቀን ይወስነዋል። «አፕሮፕሪየት» የሕግ አውጪ ቃል ነው፤ ምክር ቤት ገንዘቡ ወጪ እንዲሆን ሲያጸድቅ ነው የሚባለው። «ሼልቭ» ደግሞ ገንዘብን ሳይሆን ሐሳብን ወይም ዕቅድን መደርደሪያ ላይ መስቀል ነው፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይወርድም። አደገኛው «ሰት አሳይድ» ነው። ስለ ገንዘብ ሲሆን ለብቻ አስቀመጠ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ሻረ ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን «ሰት አሳይድ» አደረገ ከተባለ ውሳኔው ተሽሯል፤ «አስቀመጠው» ብሎ መተርጎም ባለጉዳዩን ገደል መክተት ነው።

አሜሪካ ውስጥ «ኢርማርክ» የፖለቲካ ስም አለው። የኮንግረስ አባል በበጀት ሕግ ውስጥ ለራሱ አካባቢ ለአንድ ፕሮጀክት በስም የሚያስገባው ገንዘብ ነው። በጣም የታወቀው ምሳሌ የአላስካው ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመንገድ ሕግ የኬችካንን ከተማ ከግራቪና ደሴት ለሚያገናኝ ድልድይ 223 ሚሊዮን ዶላር ያዘ። ደሴቲቱ ላይ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ነዋሪው ግን 50 ሰው ያህል ነበር። ብዙ አሜሪካዊ «የትም የማያደርስ ድልድይ» ብሎ ጮኸ። ኮንግረስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢርማርኩን አነሳ። ገንዘቡ ግን ከአላስካ አልተወሰደም! ግዛቲቱ ለፈለገችው የትራንስፖርት ሥራ እንድታውለው ተተወላት። ቃሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም። ከጆሮው ላይ ምልክቱ ጠፋ፣ በጉ ግን እዚያው ቀረ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰረዘ። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢርማርክን አገደ፣ በ2021 ደግሞ ስሙን ቀይሮ መለሰው።

በእርዳታ ዓለም ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ለጋሽ «ይህ ገንዘብ ለዚህ አገር፣ ለዚህ ሥራ ብቻ» ሲል ኢርማርክ አደረገ ይባላል። ለጋሹ ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቁ ተገቢ ነው። ግን ለድርቅ የተላከ ብር ጎርፍ ሲመጣ አይነካም። መጋዘኑ ሞልቶ ሰው የሚቸገርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ ለጋሾችና የእርዳታ ድርጅቶች በተስማሙበት ሰነድ ውስጥ፣ ከሰብአዊ እርዳታው 30 በመቶው እስከ 2020 ድረስ ያለ ምልክት ወይም በላላ ምልክት እንዲሰጥ ግብ የተያዘው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ነፃ ገንዘብ «አንኢርማርክድ» ይሉታል። እኔ «ለተለየ ዓላማ ያልታሰረ» ብዬ ነው የምተረጉመው። «ያልተመደበ» ካልነው ግን ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ያስመስለዋል።

ቃሉ ለሰውም ይሆናል። አንዲት ሠራተኛ ለኃላፊነት «ኢርማርክድ» ናት ከተባለ፣ አማርኛው ቁልጭ ያለ ቃል አለው፦ ታጭታለች። ይህ «ማጨት» ለገንዘቡም ቢሆን ስሜቱን በደንብ ይገልጻል። የታጨች ገና አላገባችም፤ ኢርማርክ የተደረገ ብርም ገና አልወጣም። ሌላ ጠያቂ ቢመጣ ግን «ተይዟል» ይባላል። መሬትም ለትምህርት ቤት፣ ሕንፃም ለክሊኒክ እንዲሁ ሊታጭ ይችላል።

ስትጽፉበት ብዙ ጊዜ ከኋላው «ፎር» ይከተለዋል፤ ለምን እንደታሰበ ካልተናገራችሁ ቃሉ ጎደሎ ነው። ስትተረጉሙም «ለ» የምትለዋን ፊደል አትጣሏት። «ኢርማርክድ ፎር ዘ ዌል» ማለት «ለጉድጓዱ ተብሎ የተያዘ ገንዘብ» ነው። ያኔ ለኮሚቴው እንዲህ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ስለ ጣሪያው የሚያነሳ አይኖርም ነበር።