«ሩብ ፍሬ ምን ያደርጋታል?»፦ ስለታመመች ድመት የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ቢሾፍቱ ስንማር ትምህርታችን በአብዛኛው ስለ ከብት፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ግን ጠረጴዛዬን የያዙት ውሾችና ድመቶች ሆኑ። ውሻ ሲታመም ቶሎ ይመጣል፤ ስለሚያላዝን ዝም ብሎ የሚያየው የለም። ድመት የምትመጣው ጎረቤት፣ አክስትና መድኃኒት ቤት በየተራ ከሞከሩባት በኋላ ነው። በሽታዋ የማይገድላት ሆኖ ሕክምናው የገደላትን ድመት ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ በየሳምንቱ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሣና መልሳቸውን ልስጥ።

«ጆሮዋ ይፋጃል፣ አፍንጫዋም ደርቋል፤ ትኩሳት አላት።» የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ሰው በ39 ዲግሪ አልጋ ይይዛል፤ ድመት በ39 ዲግሪ አይጥ ታሳድዳለች። ስለዚህ በእጃችሁ ስትነኳት ሁልጊዜ ትሞቃለች። አፍንጫዋ ደግሞ ፀሐይ ላይ ስትተኛ ይደርቃል፣ ውሃ ስትጠጣ ይረጥባል፤ ስለ በሽታ የሚናገረው ነገር የለም። ትኩሳት የሚለካው በቴርሞሜትር ነው፤ እሱም በፊንጢጣ። ይህ ስሕተት ብቻውን ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። ችግሩ ሁልጊዜ የሚከተለውን ይዞ መምጣቱ ነው።

«ፓራሲታሞል ለሕፃን እንኳ ይሰጣል፤ ሩብ ፍሬ ድመትን ምን ያደርጋታል?»

ይገድላታል።

እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ነው፤ ሩቡ 125 ሚሊ ግራም ይሆናል። ድመቷ ሦስት ኪሎ ብትመዝን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ40 ሚሊ ግራም በላይ ወሰደች ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሙሉ ፍሬ ሲውጥ በኪሎ የሚደርሰው ስምንት ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። «ትንሽ» ያላችሁት ሩብ ፍሬ ለእናንተ አምስት ፍሬ በአንድ ጉርሻ እንደ መዋጥ ነው። ድመት ደግሞ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ወስዳ ልትመረዝ ትችላለች። የሩብ ሩብ ብትቆርሱ እንኳ ከአደጋው ድንበር አልወጣችሁም። የሕፃናቱ ሽሮፕም ያው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብዙ ጊዜ 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም ይይዛል። የጉንፋን ኪኒኖችም አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ።

ጉዳዩ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀንሱ ብዬ አበቃ ነበር። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን አክሽፎ በሽንት የሚያስወጣበት ኢንዛይም አለው፤ በድመት ጉበት ውስጥ ያ ኢንዛይም ከሞላ ጎደል የለም። መድኃኒቱ መውጫ ሲያጣ ወደ መርዝ ይለወጥና ቀይ የደም ሴሎቿን ያጠቃል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ሳንባዋ ምንም ሳይሆን፣ አየር እየሳበች፣ ድመቷ ትታፈናለች።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ግራጫ ድመታቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል፤ መዳፎቿም አብጠዋል፤ ምራቋ ይዝረበረባል። ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ ድዷን አየሁት። ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ የጭቃ ቀለም ይዟል። ደም ስቀዳ ወደ ሲሪንጁ የገባው ቀይ አልነበረም፤ ቡናማ ነው። «እማማ፣ ምን ሰጧት?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም አልሰጠኋት ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ማታ ስታነጥስብኝ መድኃኒት ቤት ጠይቄ ሩቧን ነው የሰጠኋት፤ ጠዋት ደግሞ ሩቧን» ብለው ጨመሩ። የያዛት ተራ ጉንፋን ነበር፤ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን የሚለቅ። ድመቷ ከሰዓት በኋላ ሞተች። እኒህ እናት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ራሳቸው የሚበሉትን እየቆረሱ ያሳደጓት ድመት ነበረች። ያናደደኝ «ሩቡን ስጪያት» ብሎ የመከራቸው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው።

ሰጥታችሁ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ወተት አትጋቷት፤ በጨው ውሃ ለማስመለስም አትሞክሩ፣ ጨው ራሱ ድመትን ይመርዛል። በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዷት። አሲቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ፓራሲታሞል አብዝቶ ለወሰደ ሰውም የሚሰጠው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከደረሰ ያተርፋል፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ተስፋው ይመነምናል።

«እሺ፣ ዳይክሎፌናክስ? አይቡፕሮፌንስ?» አይሆንም። ጨጓራዋን ያቆስላል፣ ኩላሊቷን ያጠፋል። አስፕሪንም ከሰው ይልቅ በድመት ሰውነት ውስጥ እጅግ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በየቀኑ ከሰጣችኋት ይጠራቀምባታል። ከራሳችሁ የተረፈ አንቲባዮቲክም እንዲሁ ይቅር፤ አብዛኛውን የድመት ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ያለ ውሃ ከተዋጠ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላታል።

«ወንዱ ድመታችን ሆዱ ደርቆ እያማጠ ነው፤ ዘይት አጠጣነው።» ከፓራሲታሞል ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ወንድ ድመት የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ እየተመላለሰ ቁጢጥ ሲል፣ ሲያምጥ፣ ሲጮህና ብልቱን ደጋግሞ ሲልስ ካያችሁት ነገሩ ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት አይደለም፤ የሽንት ቱቦው ተዘግቷል። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ በጣም ጠባብ ስለሆነ በጥቃቅን ጠጠርና በንፍጥ ይደፈናል። እንዲህ ያለውን ድመት ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ሆዱን ቀስ ብዬ ስዳብስ የሽንት ፊኛው እንደ ብርቱካን ጠጥሮ እጄ ውስጥ ይገባል። እናንተ አትጫኑት፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሽንት ወደ ኋላ ሲጠራቀም ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማችና ልቡን ያቆመዋል። ከመዘጋት እስከ ሞት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢሆን ነው። «ሰኞ እናመጣዋለን» የሚባልለት በሽታ አይደለም፤ እሑድም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ። ዘይቱን በተመለከተ፦ በግድ የተጋተ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ሳያስለው ወደ ሳንባ ሾልኮ ይገባል፤ ከዚያ ሌላ በሽታ፣ የሳንባ ምች፣ ጨመራችሁለት ማለት ነው።

«ሲርባት ትበላለች፤ ተዋት።» ውሻ ሦስት ቀን ጾሞ ሊነሣ ይችላል። ድመት ግን ለቀናት ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷን ያፍነዋል። የጆሮዋ ውስጥና የዓይኗ ነጭ ክፍል ቢጫ ሲሆን ነው ሰው የሚደነግጠው፤ ያኔ ዘግይቷል። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ሐኪም አማክሩ፤ ሁለት ቀን ካለፋት ምክር ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልጋት። ግልገል ከሆነች ይህን ያህልም አትጠብቁ።

ቤት ውስጥ በእርግጥ የምትጠቅሟት እዚህ ላይ ነው። ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አፍንጫዋ በጉንፋን ከተደፈነ ምግቡ ምግብ አይመስላትም። በለብ ያለ ውሃ በራሰ ጥጥ አፍንጫዋንና ዓይኗን ጥረጉላት፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ ይሁን። ገላ በምትታጠቡበት ጊዜ እንፋሎቱ ባለበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩአት። የተቀቀለ ዶሮ ወይም ዓሣ አጥንቱን አውጥታችሁ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም፣ ለብ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ አቅርቡላት። ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ አይሸታትም። ውሃ መስጠት ካለባችሁ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወስዳችሁ፣ በአፏ ጎን ከክራንቻዋ ጀርባ አስገብታችሁ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ እስክትውጥ እየጠበቃችሁ ስጧት። ራሷን ወደ ኋላ አጥፋችሁ አትጋቷት። እያስመለሳት ከሆነ ግን ይህንንም ተዉትና አምጧት።

«ወጥ በእንጀራ ስታገኝ ይሻላታል።» ወጣችን ከሽንኩርት ይጀምራል፤ ሽንኩርት ደግሞ ተቁላልቶም ሆነ ደርቆ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ነጭ ሽንኩርት ከእሱ ይብሳል። ስለዚህ «ለሆዷ ትል» ብላችሁ ነጭ ሽንኩርት የምትወቅጡላት ሰዎች፣ ትሉ ሳይሆን ድመቷ ናት የምትጎዳው። የትል መድኃኒት ርካሽ ነው፤ መዝናችሁ ትሰጧታላችሁ፣ አለቀ። ሽሮም ቢሆን ብቻውን አያኖራትም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት ስለማትችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም እናንተ ጹሙ፤ እሷ ጾም የለባትም። ከሥጋ ቤት ትንሽ ሳንባ አምጥታችሁ ቀቅሉላት።

«ወተት ያበረታታል።» አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም፤ ተቅማጥ ይዟት ከሆነ ታብሱባታላችሁ።

«ወተት መርዝ ያረክሳል።» አያረክስም። የአይጥ መርዝ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ሌላው ሆድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሕክምናቸውም ለየቅል ነው። የመርዙን ፓኬት ፈልጋችሁ ይዛችሁ ኑ።

«ቁንጫን ነጭ ጋዝ ያጠፋዋል።» ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰውም ይመርዛታል። ለበግ የተገዛ የመዥገር መድኃኒት፣ ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት መግደያ ያለበት የውሻ ጠብታም እንዲሁ ክልክል ነው፤ እየተንቀጠቀጡ የሚመጡልኝ ድመቶች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይህ ነው።

«ስትዳበስ ያንን የምቾት ድምፅ ታሰማለች፤ አላመማትም።» ስትሞትም ታሰማዋለች። ሲያማትና ስትፈራ ራሷን የምታረጋጋበት ድምፅም ነው። ድምፁን ትታችሁ እስትንፋሷን ቁጠሩ፤ ተኝታ ሳለች በደቂቃ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ አስቸኳይ ነው። ድዷንም በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ የደም ዝውውሯ ተዳክሟል።

«ድመት ልትሞት ስትል ከቤት ትወጣለች፤ ማስቸገር ነውር ነው።» የደከመች ድመት የምትሸሸገው ጠላት እንዳያያት ነው። ብዙዎቹ አልጋ ሥር የተገኙት በቀላሉ የሚድኑ ነበሩ። ፈልጋችሁ አውጧት።

«ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የታመመች ድመት መጣል አለባት።» ቶክሶፕላዝማን፣ ማለትም ከድመት ዓይነ ምድር ወደ ሰው ተላልፎ ጽንስን ሊጎዳ የሚችለውን ጥገኛ ተሕዋስ፣ ፈርታችሁ ከሆነ፣ ድመት የበሽታውን እንቁላል የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሯ ጋር ከወጣ በኋላ በሽታ ማስተላለፍ እስኪችል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግ። ድመቷን አባርረው ማታ ጥሬ ክትፎ የሚያዝዙ እርጉዞች ግን ያስቁኛል፤ በሽታው በጥሬ ሥጋም ይገባል።

አንድ ነገር ግን በዋዛ አይታለፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ውሻን ብቻ የሚይዝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ድመትም ይዛው ታስተላልፋለች። ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ ያለ ምክንያት የምትናከስ፣ መንጋጋዋ የወደቀ ወይም መዋጥ ያቃታት ድመት ካያችሁ አፏን ለመክፈት አትሞክሩ፤ ክፍል ውስጥ ዘግታችሁባት ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። እዚያ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ፤ ድመቷ ምን እንደምትሆን እስኪታይ አትጠብቁ።

ስታመጧት በጆንያ አንጠልጥላችሁ አታምጧት፤ በደንብ መተንፈስ ያቃታት ድመት ጆንያ ውስጥ ታፍና ትሞታለች። ጠንካራ ካርቶን ውሰዱ፣ ጎኑን በሳሱት፣ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፉ፣ ክዳኑን በገመድ እሰሩ። መቼ እንደበላች፣ መቼ እንደሸናች፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት አስታውሳችሁ ኑ። የሰጣችኋትንም መድኃኒት ከነሽፋኑ ይዛችሁ ኑ። አልቆጣም ብዬ አልዋሻችሁም፤ እቆጣለሁ። ግን ማርከሻውን የምመርጠው እሱን አይቼ ነው።