«ቢያንስ 64,800 ዓመት» ሲባል ምን ማለት ነው?

«በስፔን ላ ፓሲዬጋ ዋሻ የሚገኘው የኒያንደርታል (የጠፋው የሰው ዘመድ) ሥዕል ዕድሜው 64,800 ዓመት ነው።» ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ስህተት። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት የተለካው ሥዕሉ ሳይሆን፣ የሚንጠባጠብ ውሃ በላዩ ያጋገረው የካልሳይት (የኖራ ማዕድን) ቅርፊት ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ከወደቀች ሌላው ሁሉ ይፈርሳል።

ቀይ ቀለሙ ከማዕድን የተሠራ ስለሆነ ሕይወት የነበረውን ነገር ዕድሜ በሚለካው በካርቦን 14 አይለካም። ስለዚህ የሚለካው በቅርፊቱ ውስጥ ባለው ዩራኒየምና ቶሪየም ነው። ዩራኒየም በውሃ ይሟሟል፣ ቶሪየም ግን እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ አዲስ ቅርፊት ዩራኒየም ይዞ ይጀምራል፤ ዩራኒየሙ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ወደ ቶሪየም 230 ስለሚለወጥ፣ ቶሪየሙ የሚጠራቀመው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከምሮበታል እንበል፤ ደብዳቤው ሥዕሉ፣ ጋዜጣው ቅርፊቱ ነው። ከሁሉም በታች ያለው ጋዜጣ የሚመሰክረው ደብዳቤው ከእሱ በፊት እዚያ እንደነበረ ብቻ ነው። በአንድ ቀን ይቅደም በአሥር ዓመት፣ ጋዜጣው አያውቅም።

ይህን ያልተረዱ ናቸው «በሌላው የስፔን ዋሻ፣ በማልትራቪዬሶ ያለው የእጅ ቅርጽ ቢያንስ 66,700 ስለሆነ ከላ ፓሲዬጋው በ1,900 ዓመት ይበልጣል» የሚሉት። አይበልጥም፤ አያንስምም። የተቀናነሱት ሁለት ጋዜጦች ናቸው፣ ደብዳቤዎቹ አልተነኩም። አንዱ ዋሻ ውስጥ ውሃው ቀድሞ ተንጠባጥቦ ይሆናል፣ ሌላው ለሺህ ዓመታት ደርቆ ቆይቶ ይሆናል። በስፔኑ ኤል ካስቲዮ ዋሻ ቢያንስ 40,800 ዓመት የሆነውን ቀይ ክብ ይዞ «እንግዲያው የዘመናዊ ሰው ነው» ማለትም ያው ስህተት ነው፤ ወለሉ ታወቀ እንጂ ጣሪያው አልታወቀም። 64,800 ሚዛን የሚደፋው በዚያ ዘመን ስፔን ውስጥ ዘመናዊ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ ስለሌለ ነው።

ጋዜጦቹም ቢሆኑ ሊያታልሉ ይችላሉ። ቅርፊቱን ዘግይቶ ውሃ ካጠበውና ዩራኒየሙ ከወጣ፣ ቶሪየሙ በአንጻሩ በዝቶ ዕድሜው ከእውነተኛው በላይ ይገናል። በነፋስ ወይም በጭቃ የገባ ቶሪየምም እንዲሁ፤ ከሌላ ክምር የተቀላቀለ አሮጌ ጋዜጣ በሉት። ይህኛው ከጭቃው ጋር አብሮ በሚገባው ሌላ ዓይነት ቶሪየም፣ በቶሪየም 232 መጠን ይታረማል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን እርማቱም እምነት አይጣልበትም። ለመጀመሪያው፣ ለዩራኒየሙ መታጠብ፣ መፈተኛው ቅርፊቱን ከላይ ወደ ታች በንብርብር መፋቅ ነው፦ ጥቂት ሚሊግራም፣ ከዚያ ሌላ ጥቂት ሚሊግራም፣ ቀለሙ ብቅ ሊል ሲል ማቆም። ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ዕድሜው መጨመር አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክምሩን አንድ ነገር ነካክቶታል ማለት ነው፤ ያንን ውጤት መጣል ይሻላል። አንድ ናሙና ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ይህን ፈተና ጨርሶ አላለፈም።

የላ ፓሲዬጋው ሥዕል መሰላል የሚመስል ቅርጽ ሲሆን በመስመሮቹ መካከል እንስሳት ተሥለዋል። 64,800 የተገኘው መስመር ከሸፈነ ቅርፊት ነው። «ኒያንደርታሎች እንስሳ ሣሉ» ብሎ ይህን ቁጥር ማስረጃ ማድረግ አይቻልም፤ እንስሳቱ በሌላ እጅ፣ በሌላ ዘመን የተጨመሩ ሊሆኑ ይችላሉ።