የሬዲዮ መቃኛ ምንድን ነው?

የሬዲዮ መቃኛ ማለት ጣቢያ የምንፈልግበት ማዞሪያ ነው። ከማዞሪያው ኋላ የተደበቀው ዕቃና ከፊት ያለው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳም ከነመርፌው የሱ አካል ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ማንም «መቃኛውን አምጣው» አይልም። «አዙረው» ነው የሚባለው፤ ወይም «ጣቢያ ቀይር»። ከጎኑ ያለው የድምፅ ማዞሪያ ሥራው ቀላል ነው፤ ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ በቃ። መቃኛው ግን የሚሰማውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ የሚወሰንበት ቦታ ነው። መንግሥታት ሲፈሩትና ሲያስሩት የኖሩትም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። አሁን ባላችሁበት ክፍል ውስጥ የብዙ ጣቢያዎች ሞገድ አለ። አንቴና አይመርጥም፤ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይገባል። መቃኛ ባይኖር ዜናው፣ ኳሱና ማስታወቂያው ባንዴ ይንጫጫብን ነበር። ምርጫውን የሚሠሩት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ሌላው ካፓሲተር የሚባል ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያቆር ዕቃ። ኤሌክትሪክ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። የምልልሱ ፍጥነት ከአንድ ጣቢያ ሞገድ ጋር ሲገጥም ያ ጣቢያ ይጎላል፣ የቀረው ይከስማል። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ የገፋ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ምቱን ጠብቆ በትንሽ ጉልበት የሚገፋ ልጁን ሰማይ ያደርሰዋል፤ ያለ ምቱ የሚገፋ ግን ለፍቶ ዥዋዥዌውን ያቆመዋል።

ሸገር 102.1 ሲባል እንግዲህ ሞገዱ በሰከንድ 102 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ጊዜ ይወዛወዛል ማለት ነው፤ በሰከንድ አንድ ሚሊዮኑ ሜጋ ኸርዝ፣ አንድ ሺሁ ኪሎ ኸርዝ ይባላል። እኛ አገር ይህ ቁጥር የስም ያህል ሆኗል። «ዘጠና ሰባት ነጥብ አንድ» ብሎ የኤፍኤም አዲስን ስም ሳያነሳ የሚግባባ ሰው ብዙ ነው። ቀጥታ ከመቃኛው ሰሌዳ ተነስቶ አፋችን ውስጥ የገባ ነገር ነው።

የድሮ ሬዲዮ ጀርባ ሲከፈት መቃኛው ወዲያው ይለያል። ግማሽ ክብ የሆኑ ስስ የብረት ቅጠሎች ተደርድረዋል። ግማሾቹ የቆሙ ናቸው፤ ግማሾቹ ከማዞሪያው ጋር ይዞራሉ። ሳይነካኩ አንዱ በሌላው መሃል ይገባል፤ በመካከላቸው ያለው አየር ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲገቡ ሬዲዮው በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ነው፤ ሲወጡ ወደ ላይኛው ይሄዳል። ካፓሲተር የሚባለው እሱ ነው።

መርፌውን የሚጎትተው ደግሞ ክር ነው። አዎ፣ ክር። ከማዞሪያው ዘንግ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፣ በትናንሽ መዘውሮች ላይ ያልፋል፣ ትልቁን ጎማ ይዞራል፣ በስፕሪንግ ተወጥሮ ይታሰራል። መርፌው ክሩ ላይ ተቆንጥጦ ይሄዳል። ክሩ ሲላላ ጣቢያው ይቀየራል፣ መርፌው ግን ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይቆማል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚማረርበት ሥራ ይህ ነው። ክሩን በየመዘውሩ አሳልፎ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ያመልጠዋል። ብዙ ባለቤቶችም ማስጠገኑን ትተው ከሬዲዮው ጋር ይለማመዳሉ። «የኔ ላይ ሁለት ጣት ወደ ግራ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ጥሩ ሬዲዮዎች ላይ ከማዞሪያው ኋላ ከበድ ያለ ብረት ይገጠም ነበር። ጣት ትንሽ ገፋ ሲያደርገው መርፌው በራሱ እየተንሸራተተ ከዳር ዳር ይሄዳል። ድምፁ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ጣትን ደስ ለማሰኘት ብቻ የተደረገ ነው፤ እኔ ግን ከዕቃው ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

በ1930ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የተሠሩ ሬዲዮዎች ሰሌዳቸው ላይ ከቁጥር ይልቅ የከተማ ስም ይጻፍ ነበር። ሂልቨርሱም፣ ሉክሰምበርግ፣ ቤሮሙንስተር፣ ሮማ። ቤሮሙንስተር ትንሽ የስዊዘርላንድ ከተማ ናት። ብዙ ሰው ያወቃት ማሰራጫ ጣቢያ ስለነበራት፣ ስሟም በየሳሎኑ ሬዲዮ መስታወት ላይ ስለሚበራ ነው።

ይህንን ሰሌዳ መጀመሪያ በደንብ የተጠነቀቁበት ናዚዎች ናቸው። በ1933 «የሕዝብ ሬዲዮ» የሚባል ርካሽ ሬዲዮ አወጡ። ንድፉን የሠራው ዋልተር ማሪያ ኬርስቲንግ ነው። የሞዴሉ ስም ቪኢ 301 ሲሆን ቁጥሩ ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጥር 30 ለማስታወስ ነው። ዋጋው 76 ማርክ ነበር፤ በ1938 ደግሞ በ35 ማርክ የሚሸጥ ትንሽ ሬዲዮ ተጨመረ። ከሩቅ አገር የሚመጣውን አጭር ሞገድ አይዝም። ሰሌዳው ላይ የሚጻፉት የጀርመን ጣቢያዎች ነበሩ፤ ኦስትሪያ ከተጠቀለለች በኋላም የኦስትሪያ ተጨመሩ። ርካሾቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። ለንደን እዚህ ጋ ነው የሚል የለም።

ግን ማዞሪያ ማዞሪያ ነው። ሲመሽ የመካከለኛ ሞገድ ርቆ ስለሚጓዝ የውጭ ጣቢያ በዚያው ርካሽ ሬዲዮ ይገባ ነበር። መንግሥት በመስከረም 1939 የውጭ ጣቢያ ማዳመጥን ወንጀል አደረገው። ከዚያ የመጣው ነገር ይገርመኛል፤ ትንሽ ካርቶን ተበስታ ማዞሪያው ላይ ትንጠለጠላለች። የውጭ ጣቢያ መስማት ወንጀል እንደሆነ የምታስታውስ ማስጠንቀቂያ ናት። ቢቢሲን ለመፈለግ የሚዘረጋ ጣት መጀመሪያ የሚነካው እሷን ነው። ሰዎቹ ግን መስማታቸውን አልተዉም። ሰምተው ሲጨርሱ መርፌውን ወደ ጀርመን ጣቢያ ይመልሱታል፤ ጠዋት ድንገት የሚመጣ ሰው ሬዲዮውን ቢከፍት እንዳያውቅ።

ሶቪየቶች ችግሩን በሌላ መንገድ ፈቱት። በየቤቱ በሽቦ የሚመጣ ድምፅ ማጉያ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ያለው አንድ ማዞሪያ ነው፤ የድምፅ። ጣቢያ የሚባል ምርጫ የለም። ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ በፕሮግራሞች መካከል የሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት መጠበቂያ) ምት ይሰማ የነበረው በዚሁ ሽቦ ነው፤ ሲፈጥን የአየር ጥቃት አለ ማለት ነው። ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ሬዲዮውን በመንግሥት ጣቢያ ላይ ቆልፋ ታሽገዋለች።

መቃኛ የሌለው ሬዲዮ ሁሉ ለክፋት ተሠርቷል ማለት ግን አይደለም። በ1960ዎቹ ዲዛይነሩ ቪክቶር ፓፓኔክ ከተማሪው ጆርጅ ሲገር ጋር ሆኖ ከቆርቆሮ ጣሳ ሬዲዮ ሠርቷል። ባትሪ አያስፈልገውም። ጣሳው ውስጥ ሰም ይነዳል፤ ደረቅ ኩበትም ይሆናል፤ ከሙቀቱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ወጪው 9 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የጣቢያ መምረጫ የለውም፤ የታሰበው አንድ ጣቢያ ብቻ ለሚደርስበት ቦታ ነውና። ጀርመን አገር ላሉት የኡልም ዲዛይን ትምህርት ቤት ሰዎች ሲያሳያቸው አስቀያሚ ነው አሉት። እሱ ግን ቀለም ያልቀባው ሆን ብሎ ነበር፤ ተጠቃሚው ራሱ እንደወደደ ያስጊጠው ብሎ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሁለተኛ ጣቢያ የመጣ ቀን ግን ጣሳው ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

የእኛ ሰው ከመቃኛ ጋር በደንብ የተዋወቀው በአጭር ሞገድ ነው። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965 ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1982። በደርግ ጊዜ የአማፂያኑንም ሬዲዮ የሚፈልግ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ለጥፎ። አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ካለው አየኖስፌር እየነጠረ ነው አገር የሚያቋርጠው። ያ ንብርብር ደግሞ ከሰዓት ሰዓት፣ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ቀን ላይ ከፍ ያለው ቁጥር ይሻላል፤ ማታ ዝቅ ያለው። ጣቢያዎቹም በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢትና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሞገዳቸውን ይቀያይራሉ። ስርጭቱ ሲጀምር «በ31 ሜትር ባንድ፣ በ25 ሜትር ባንድ» እያሉ የሚዘረዝሩት አለምክንያት አልነበረም። አንዱ አልሰማ ሲል ወደ ሌላው ይኬዳል።

መከራው ሰሌዳው ላይ ነው። እስቲ እናስላው። ሰሌዳው 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ከ6 እስከ 18 ሜጋ ኸርዝ ይይዛል። ይህ 12,000 ኪሎ ኸርዝ ነው። በአጭር ሞገድ ጣቢያዎች የሚደረደሩት በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ነው። ስለዚህ በአንዲት ሚሊ ሜትር ውስጥ 24 የጣቢያ ቦታ ታጭቋል። የመርፌዋ ውፍረት ብቻ ከዚያ ይበልጣል! የቤቱ ትልቅ ሰው ትንፋሹን ይዞ ማዞሪያውን በፀጉር ያህል የሚያንቀሳቅሰው፣ ልጆቹን «ዝም በሉ» የሚለው ለዚህ ነው። ካገኘ በኋላ ሬዲዮውን የነካ ወዮለት።

ዲዛይነሮች ለዚህ ሁለት መላ አመጡ። አንደኛው ሁለት ማዞሪያ ማድረግ ነው፤ አንዱ ቶሎ የሚሄድ፣ ሌላው ቀስ የሚል። ሁለተኛው ሞገዱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሙሉ ሰሌዳ መስጠት ነው። በገበያ ላይ ያሉት የቻይና ሬዲዮዎች ላይ ኤስደብሊው (አጭር ሞገድ ማለት ነው) 1፣ ኤስደብሊው 2 እያለ እስከ 7 እና 8 የሚሄደው ማንሸራተቻ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ብዙ ጣቢያ የሚይዝ ይመስለዋል። አይደለም፤ ያው ጣቢያ ሰፋ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ሞገድ ሲታፈንም ትግሉ እዚሁ ማዞሪያ ላይ ነው። በ2010 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ሲታፈን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረውበታል። አፈና ማለት በዚያው ሞገድ ላይ ሌላ ጩኸት መልቀቅ ነው። አድማጩ ማዞሪያውን ቅንጣት ወደ ጎን ይገፋል፣ ጩኸቱ ሳሳ ሲል ቃላት ይለቅማል። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በመሃል ይደክማል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ እንደገና ይሞከራል።

ከመልኩ ተነስቶ የሚያየው ሰው መቃኛን ሲያነሳ የጀርመኑን ኩባንያ የብራውንን ቲ3 ሬዲዮ መዝለል አይችልም። በ1958 ወጣ፤ የዲዛይነሩ የዲተር ራምስ ሥራ ነው። ኪስ የሚገባ ነጭ ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ ቀዳዳዎችና አንድ ክብ መቃኛ አሉ። ሌላ ጌጥ የለም። በ2001 የአፕል ዘፈን ማጫወቻ አይፖድ ሲወጣ የሁለቱን ፊት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ክቡ ጣቢያ መፈለጉን ትቶ ዘፈን መፈለጊያ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በፊትም ማዞሪያው መሸነፍ ጀምሯል። በ1980 የወጣው የሶኒ አይሲኤፍ 2001 ላይ የጣቢያውን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥር መጻፍ ይቻል ነበር። ለአጭር ሞገድ አድማጭ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ያ የ24 ጣቢያ ሚሊ ሜትር ቀረ። የቀረው ሌላ ነገርም አለ። ማዞሪያ በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ያሰማል፤ አረብኛውን፣ ስዋሂሊኛውን፣ ቋንቋው የማይታወቀውን ዘፈን። ቁጥር የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ኖርዌይ በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ስታዞር ደግሞ መቃኛው የስም ዝርዝር ሆነ። ዝርዝር ውስጥ በሁለት ስሞች መካከል ምንም የለም።

አሁን ከሚሸጡት ርካሽ ሬዲዮዎች ብዙዎቹ መርፌም ማዞሪያም አላቸው። ውስጣቸው ግን የብረት ቅጠል የለም። ማዞሪያው ለአንዲት ትንሽ ቺፕ «እዚህ ደርሻለሁ» ብሎ ይነግራታል፤ ጣቢያውን የምትመርጠው እሷ ናት። ስታዞሩት ድምፁ ከጣቢያ ጣቢያ ቷ ቷ እያለ ከዘለለ ባለ ቺፑ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ጣቢያው ከቦታው አይንሸራተትም።

ሬዲዮ ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ጣቢያ ያዙና ማዞሪያውን ትንሽ አሳልፋችሁ መልሱት። ጣቢያው የሚመለስበት ቦታ ከመጀመሪያው ከራቀ ክሩ ወይም ጥርሱ ላልቷል። በመካከለኛ ሞገድ ድምፁ ከሳሳባችሁ አንቴናውን አትሳቡት፤ ለዚያ ሞገድ የሚሠራው ውስጥ የተኛ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነው፤ ሬዲዮውን ራሱን አዙሩት። ለኤፍኤም የሚሳበው አንቴና 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ይበቃዋል። በስልክ የምታዳምጡ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴናም ነው። ገመዱን ነቅላችሁ «ጣቢያው ጠፋ» ብላችሁ መቃኛውን አትውቀሱት።