አይ-94 ምንድን ነው? የቪዛው ቀን የመቆያው ቀን አይደለም!

ትናንትም አንዱ «የአሜሪካ ቪዛው የ3 ወር ስለሆነ እናትህ በ3 ወራቸው ካልወጡ ሕገወጥ ይሆናሉ» ብሎ በሙሉ ልብ ሲመክር አየሁ። ልጁ አመስግኖ የእናቱን የመመለሻ ትኬት አስቀየረ። ያውም ቅጣት ከፍሎ! ወንድሜ፣ ባታውቅ እኮ ዝም ማለት ይቻላል። እኔ ውዬ የማድረው የኢሚግሬሽን ፎርም ስሞላ ነው፤ እንደዚህ ስህተት የሚያናድደኝ የለም።

ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የአሜሪካ ቪዛ የሠርግ ጥሪ ካርድ በሉት። በር ድረስ ያደርሳል፣ አለቀ። ማስገባትም፣ እስከ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ ማለትም የበረኛው ፋንታ ነው። በረኛው ኤርፖርት ላይ ጣት አሻራ የሚወስደው መኮንን ነው። እሱ የሰጠው ቀን ነው አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው፣ ለጎብኚም አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው። ስለዚህ እናትየው ቪዛቸው ሊያልቅ 3 ቀን ሲቀረው ቢገቡም 6 ወር ሊያገኙ ይችላሉ። የካርዱ ቀን ቢያልፍስ? እሳቸው ገብተው ክትፎ ቀርቦላቸዋል፣ ማን ያስነሳቸዋል? ካርዱ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ግን፣ ደጅ ወጥቼ ልመለስ ቢሉ በሩ ዝግ ነው።

ድሮ ስህተቱ ሌላ ነበር። ቪዛው የ2 ዓመት ሆኖ ሳለ «2 ዓመት ይቀመጣሉ» ይባል ነበር። በ2025 ጁላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ወደ 3 ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ስታወርደው ስህተቱም አብሮ ተገለበጠ። የድሮው ይብሳል፣ እውነቱን ለመናገር። ከአይ-94 ቀን 1 ቀን ካለፈ ቪዛው የቀረው ጊዜ ቢኖረውም ዋጋ ያጣል። ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ 3 ዓመት፣ 1 ዓመት የሞላው ደግሞ 10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። መቆየት የፈለገ ቀኑ ሳያልፍ በአይ-539 ፎርም ያመልክት፤ ሠርግ ቤት ቢሆን ወንበር ሳይሰበሰብ መጠየቅ ነው። (እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያነክሳል፣ የሠርግ ባለቤት እንደ ፎርሙ ለወንበር አያስከፍልም።)

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ፓስፖርቱ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ መኮንኑ 6 ወሩን ሊያሳጥረው ይችላል። ስለዚህ 6 ወር ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ መዝገቡን አውጥታችሁ እዩ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ነው። አልተገኘም ካላችሁም አትደንግጡ፤ የእኛ ስም የአባትና የአያቱ ቦታ እየተቀያየረ ስለሚመዘገብ ገልብጣችሁ ሞክሩ። ባለፈው የአንዲት እናትን መዝገብ ያገኘሁት በአራተኛው ሙከራ ነው። ሻንጣቸው ታስሮ፣ ለጎረቤት የሚሰጥ ቫዝሊንና ሳሙና ሳይቀር ተመዝኖ በር ላይ ቆሟል። መዝገቡ ሲወጣ ገና 4 ወር ነበራቸው።