«መልሱ 42 ነው»፦ አባባሉ ከየት መጣ?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች፣ በተለይ የኮምፒውተር ሰዎች፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው ጥያቄ ሲገጥማቸው «መልሱ 42 ነው» ይላሉ። መጀመሪያ የምትጠይቀውን እወቅ ለማለት ነው።

ምንጩ የእንግሊዛዊው ደራሲ የዳግላስ አዳምስ አስቂኝ የሳይንስ ልብወለድ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ነው። በቢቢሲ ሬዲዮ 4 መተላለፍ የጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዓመቱ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በታሪኩ ውስጥ «ዲፕ ቶት» የተባለ ግዙፍ ኮምፒውተር ስለ ሕይወት፣ ስለ ዩኒቨርስና ስለ ሁሉም ነገር የመጨረሻውን መልስ እንዲናገር ይጠየቃል። 7.5 ሚሊዮን ዓመት አስቦ «42» ይላል። ጠያቂዎቹ ሲበሳጩ፣ ችግሩ ጥያቄው ምን እንደሆነ አለማወቃችሁ ነው ይላቸዋል። የእኛዋ በቅሎ አባትሽ ማነው ስትባል «ፈረስ አጎቴ ነው» ብላ ታመልጣለች። ዲፕ ቶት ግን አላመለጠም።

ቁጥሩን ብዙዎች ከእንግሊዛዊው የልጆች ደራሲ ከሉዊስ ካሮል ጋር ያያይዙታል። «አሊስ በድንቅ ምድር» በተባለው ታሪኩ የችሎቱ ንጉሥ የሚያነበው ሕግ ቁጥር 42 ነው። ስናርክ የተባለ ምናባዊ ፍጡር ስለማደን በጻፈው ግጥሙም አንዱ ተጓዥ 42 ሣጥኖቹን ባሕር ዳር ረስቶ ይሳፈራል። አዳምስ ግን በ1993 ነገሩ ቀልድ ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። ተራ፣ ትንሽ ቁጥር ፈለገ፤ ወደ አትክልቱ ስፍራ እያየ 42ን መረጠ። እኔ አምነዋለሁ።

ሐሳቡ ግን ቀዳሚ አለው። አሜሪካዊው ሮበርት ሼክሊ በ1953 ባሳተመው አጭር ልብወለድ ሁሉን የሚያውቅ መላሽ ማሽን አለ። ጥንታውያን ፍጡራን ሠርተው ትተውት ሄደዋል። ከየዓለሙ እየመጡ ይጠይቁታል፤ እሱ ግን መመለስ አይችልም፤ ጥያቄያቸው ሁሉ የተሳሳተ ነውና። አንድን ጥያቄ በትክክል ለመጠየቅ አብዛኛውን መልስ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ከ42 ቀልድ 25 ዓመት ይቀድማል። ሼክሊ ሊያስቅ የሚችል ጸሐፊ ቢሆንም ይህ ታሪኩ ያሳዝናል። አዳምስ ያንኑ ሐዘን ሳቅ አደረገው።

አሜሪካዊው ደራሲ ከርት ቮኔገትም አለ። በ1959 ልብወለዱ የሰው ልጅ ታሪክ ሁሉ የሚመራው መንኮራኩሩ ለተበላሸበት አንድ የሩቅ ዓለም መልእክተኛ መለዋወጫ ለማድረስ ነው። የአዳምስም ምድር ጠፍቶ የቀረውን ጥያቄ ለማግኘት የተሠራች ኮምፒውተር ናት። አዳምስ ይህን መጽሐፍ ይወደው ነበር።

የሳቁን አወራረድ የተማረው ግን ከሳይንስ ልብወለድ ውጭ ነው፤ እጅግ ከሚያደንቀው ከእንግሊዛዊው የቀልድ ደራሲ ከፒ. ጂ. ዉድሃውስ። ዲፕ ቶት ያን ከንቱ የሚመስል መልስ በፍጹም እርጋታ ሲናገር፣ እኔ የምሰማው የዉድሃውስን ጨዋ አሽከር ጂቭስን ነው።